ከቦንዳ የወጣው ዳይኖሰር

ስሙኝማ። ልጅ ሳለሁ፣ በእኛ አቆጣጠር 1990 ዓ.ም. ገደማ፣ እናቴ እጄን ይዛ መርካቶ ወሰደችኝ። ልብስ ልትገዛልኝ ነው። ልብስ ስላችሁ ሱቅ ገብቶ መስታወት ፊት መለካት እንዳይመስላችሁ፤ ቦንዳ ተፈትቶ ሸራ ላይ ከተዘረገፈው ልባሽ ጨርቅ ጎንበስ ብሎ መፈልፈል ነው። እናቴ ሹራብ ስትፈልግ እኔ ከክምሩ ሥር አንድ ቲሸርት ጎትቼ አወጣሁ። ድሮ ጥቁር ነበር፤ ታጥቦ ታጥቦ አመድ መስሏል። ደረቱ ላይ ቀይ ክብ አለ፤ ቀለሙ በጋ እንደመታው ማሳ ተሰነጣጥቋል። ክቡ ውስጥ የአንድ አስፈሪ አውሬ አጥንት፣ ከአጥንቱ ሥር ጥቋቁር ዛፎች፣ ከዚያ ደግሞ በወፍራም ፊደል የተጻፈ ነገር።

ሻጩ «አሥራ አምስት» አለ። እናቴ «ለዚህ ቡትቶ? አምስት» አለችና ትታው ሄደች። ጠራት፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች፣ እንደገና ጠራት፣ በስምንት ብር አለቀ።

ሰፈር ስገባ ልጆች ከበቡኝ። ያን ጊዜ ደረቱ ላይ ምልክት ያለበት ቲሸርት የምናውቀው ከመሥሪያ ቤት ነው። አንዱ ፋብሪካ በዓል ሲያከብር ለሠራተኛው ያድላል፣ አባት ሲሰለቸው ለልጁ ይሰጣል። ስለዚህ ይኼም የሆነ ድርጅት ሠራተኛ ልብስ ነው ብለን ፈረድን። ከመሃላችን እንግሊዝኛ የሚሞክረው ልጅ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሞ «ፓርክ ይላል» አለ። እንግዲያው እንደ ስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ፣ ግን አሜሪካ አገር ያለ፣ ግን አንበሳ የሌለበት ግቢ ነው ተባለ። የዚያ ግቢ ዘበኛ ይኼን ቲሸርት ለብሶ፣ ባልዲ ሙሉ ሥጋ ይዞ፣ አውሬውን ሲቀልብ ታየኝ። ለወራት ያን ሰው አስብ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ይሆን? ወይስ አውሬው በላው?

ፊልሙን ያየሁት በኋላ ነው፤ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን። ልጁ ሁሉ የሚጮኸው ዳይኖሰሩ ሲመጣ ነው። እኔ የጮህኩት ቀድሜ፣ መኪናው በሩን ወደ እኛ ሲያዞር ነው። የመኪናው በር ላይ የኔ ቲሸርት ምልክት አለ! የሠራተኞቹ ቆብ ላይ አለ! ከኋላ አንዱ «ዝም በል፣ ገና አልመጣም» ብሎ አናቴን መታኝ። ለእሱ አልመጣም፤ ለእኔ መጥቷል። ድርጅቱ በእርግጥ አለ ማለት ነው።

የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ምልክት ነው። አድጌ አርማና የመጽሐፍ ሽፋን በመሥራት እንጀራዬን ስለምበላ፣ የሌለ ዓለም አርማ እንዴት ተሠርቶ ያለ እንደሚመስል ስጠየቅ የማወጋው ይኼንኑ ነው።

አሁን ወደ ኒው ዮርክ ልውሰዳችሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1990 ነው። የእኔም መርካቶ 1990 ነበር፤ በመሃላቸው ግን ሰባት ስምንት ዓመት አለ፣ አቆጣጠራችን እንዲህ ይጫወትብናል። ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው። ክኖፍ በሚባል ታላቅ አሳታሚ ቤት ቺፕ ኪድ የሚባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው የሽፋን ሠሪ አለ። ቤቱ የገባው በ1986 ነው፣ ከታች ጀምሮ። ጠረጴዛው ላይ የማይክል ክራይተን አዲስ ልብ ወለድ ረቂቅ መጣለት። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ባለ ሀብት በኮስታ ሪካ አቅራቢያ ባለች ደሴት ላይ ከጠፉ ሚሊዮን ዓመታት ያለፋቸውን ዳይኖሰሮች በሳይንስ ፈልፍሎ መናፈሻ ይከፍታል፤ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል። ስሙ «ጁራሲክ ፓርክ»።

ልብ በሉ፣ ኪድን አርማ ሥራ ያለው ሰው የለም። ፊልሙ ገና አልተሠራም። የታዘዘው የመጽሐፍ ሽፋን ነው። የገጠመው ጭንቅ ደግሞ የማንኛውም ሽፋን ሠሪ ጭንቅ ነው፦ ዳይኖሰርን ሥጋና ቆዳ አልብሶ ከሳለው የልጆች መጽሐፍ ይሆንበታል፣ ከተወውም መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ደግሞስ ማን አይቶት ያውቃል? ቆዳው ምን ቀለም እንደነበረ ያን ጊዜ የሚመሰክር አልነበረም። የቀረልን አጥንቱ ነው።

ስለዚህ ወደ አጥንቱ ሄደ። ኒው ዮርክ ውስጥ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ቲራኖሶረስ ሬክስ የሚባለውን ጉደኛ ባርነም ብራውን የተባለ ቆፋሪ በ1902 ሞንታና ምድር ላይ አገኘው፤ ስሙን ያወጣለት በ1905 የዚሁ ሙዚየም ሰው ሄንሪ ፌርፊልድ ኦዝቦርን ነው። ብራውን በኋላ ያወጣው የተሻለ አጽም ሙዚየሙ ውስጥ በ1915 ቆመ፤ ቀጥ ብሎ፣ ጅራቱን መሬት ላይ እየጎተተ። ዛሬ ሳይንቲስቶች እንዲያ አይቆምም፣ አከርካሪው ከመሬት ጋር አግድም ነው የሚሄደው ይላሉ፤ ሙዚየሙም በ1990ዎቹ አጥንቱን ፈትቶ አስተካክሎታል። ኪድ የሄደው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ኪድ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዳወጋው፣ አጥንቱን አይቶ ወደ ሙዚየሙ ሱቅ ገባና አንድ መጽሐፍ ገዛ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ፣ ከገጹም ወደ ታች ቀኝ ጥግ ያለች የዚያ አውሬ አጽም ንድፍ ዓይኑን ያዘችው። ኮፒ አደረጋት። በላይዋ ትሬሲንግ ወረቀት ዘረጋ፣ በፕላስተር አጣበቀ፣ ራፒዶግራፉን አነሳ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ራፒዶ ድራፍት የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ብዕር ነው። ጫፉ እንደ መርፌ ቱቦ ነው፤ ቀጥ አድርገህ ካልያዝከው ይጭራል እንጂ አይጽፍም። ቀለሙ ይደርቅበታል፣ ከጆሮህ አጠገብ ስትነቀንቀው ውስጡ ያለችው ክብደት «ቀጭ ቀጭ» ትላለች፣ ካላለች ደፍኗል ማለት ነው። መስመሩ አይወፍርም፣ አይቀጥንም፤ የእጅህን ስሜት አይናገርልህም። በዚህ ብዕር ጥላ ለመሙላት የፈለገ ሰው ጎን ለጎን፣ ጎን ለጎን፣ ጎን ለጎን እያለ ነው የሚሄደው። ኪድ እንዲያ እያለ አጥንቱ ላይ ሥጋ መመለስ ጀመረ። በጎድኖቹ መሃል ጥቁር፣ በመንጋጋው ሥር ጥቁር። ወዴት እየሄደ እንደሆነ አያውቅም ነበር፣ እሱው ነው ያለው። አንድ ቦታ ላይ ግን አቆመ። ከዚያ ቢጨምር ይበዛል።

ያ ማቆሙ ነው ሥራው። ወረቀቱ ላይ የቀረው አጥንት አይደለም፤ ሥጋም አይደለም። አውሬው ከሞት ሲነሳ፣ ተነስቶ ሳይጨርስ ነው የተያዘው። የመጽሐፉ ታሪክ በሙሉ እዚያ አለ፣ አንድም ሰው ሳይሳል፣ አንድም ጠብታ ደም ሳይፈስ። በእኔ ሙያ የቱ ጋ እንደሚቆም የሚያውቅ እጅ ብርቅ ነው፤ እኔ ራሴ ስንት ሥራ በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት አበላሽቻለሁ!

ጽሑፉን ደግሞ የመናፈሻ ታፔላ እንዲመስል አድርጎ ጣል አደረገበት። ቤቱ ወደደው፣ ደራሲው በፋክስ አፉን ሞልቶ አሞገሰው፣ መጽሐፉ በ1990 መጨረሻ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ስልክ ተደወለ። የፊልም ኩባንያው፣ ዩኒቨርሳል ነው፤ ምስሉን መግዛት ይቻላል ወይ?

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ሰው የማያስተውለው። አንድ የፊልም ኩባንያ የመጽሐፍ ሽፋን ገዝቶ ፖስተር ላይ ቢያኖረው የተለመደ ነው፤ ፖስተሩም ላይ አኑረውታል፣ ያውም ብቻውን፣ ያለ ተዋናይ፣ ያለ ዳይኖሰር፣ ጥቁር መደብ ላይ። ስቲቨን ስፒልበርግና ባልደረቦቹ ያደረጉት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። አርማውን ወደ ታሪኩ ውስጥ አስገቡት። በ1993 በወጣው ፊልም ውስጥ ያ አጽም የፊልሙ ምልክት ብቻ አይደለም፤ የመናፈሻው ድርጅት ምልክት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌው ሃሞንድ አሠርቶ፣ ወዶ፣ ከፍሎ፣ ጂፕ በር ላይ ያስለጠፈው ነው። እንዲህ እንዲሆን አጥንቱን ቀይ ክብ ውስጥ ከተቱት፣ ጠርዙን ቢጫ አደረጉት፣ ከሥሩ የጫካ ጥላ አቆሙለት፣ ስሙን በሰሌዳ አስረው አሻገሩበት። ሽፋን ማኅተም ሆነ። ቆብ ላይ ይጠለፋል፣ በር ላይ ይለጠፋል፣ ኩባያ ላይ ይታተማል።

አንድ ትዕይንት አለ፣ ሁሌ የምመለስበት። ደሴቲቱ ላይ መብራት ጠፍቷል፣ አውሬዎቹ አጥር ጥሰዋል፣ የሽማግሌው የልጅ ልጆች ጫካ ውስጥ ጠፍተዋል። ሽማግሌው ብቻውን ምግብ ቤት ተቀምጦ የሚቀልጥ አይስክሬም ይበላል። ካሜራው ወደ እሱ ከመድረሱ በፊት የመናፈሻውን ሱቅ መደርደሪያ ዳብሶ ያልፋል፦ አሻንጉሊት፣ የምሳ ዕቃ፣ ቲሸርት፣ ሁሉም አርማው አለበት። ገዢ የለም። የሚገዛ ሰው ፈጽሞ አይመጣም። እኛ ግን ሲኒማ ቤት ተቀምጠን እያየን ነው፤ ፊልሙ አልቆ ወደ ውጭ ስንወጣ እነዚያው ዕቃዎች፣ ያው አርማ፣ ሱቅ ውስጥ ተደርድረው ይጠብቁናል። መደርደሪያው ላይ ስለ ፊልሙ አሠራር የተጻፈ መጽሐፍ ሳይቀር ይታያል፤ እውነተኛ መጽሐፍ ነው፣ ውጭ ይሸጥ ነበር። ይኼን ድፍረት ነው የምለው። ሽያጩን ደብቆ ከመሸጥ ይልቅ ሽያጩን የታሪኩ አካል አደረገው፤ ሕይወትን ከመረዳታችሁ በፊት ዕቃ ላይ ለጠፋችሁት ብሎ ባለቤቱን የሚወቅስ ሊቅም እዚያው ፊልም ውስጥ አስቀመጠ። ወቀሳውም ዕቃውም አንድ ላይ ተሸጡ። ገበያ አያፍርም።

የኔ የመርካቶ ቲሸርት እንግዲህ ከዚያ መደርደሪያ የወጣ ነው። የቱ መደርደሪያ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ስህተቶቹ ልምጣ፤ ይኼ አርማ ስህተት በስህተት ነው፣ እኔም የምወደው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አውሬው። ቲራኖሶረስ ሬክስ የጁራሲክ ዘመን እንስሳ አይደለም። የጁራሲክ ዘመን ያበቃው ከ145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ይህ ጌታ የኖረው በቀጣዩ የክሬታሺየስ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ካሰላችሁት ከጁራሲክ ይልቅ ለእኔና ለእናንተ ይቀርባል። አርማው ላይ ስሙና ሥዕሉ አይተዋወቁም ማለት ነው። እውነተኛ የጁራሲክ ዳይኖሰር ለሚፈልግ እንኳ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአባይን ገደል ግድግዳ ከሠሩት ዓለቶች ብዙው ከዚያ ዘመን ነው፣ በሙገር ስም ከሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ንጣፍም ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን የዳይኖሰር ጥርሶች ለቅመዋል። ጥርስ ግን ለቲሸርት አይሆንም።

ቀጥሎ ፊደሉ። በፊልሙ አርማ ላይ ያለው ወፍራም፣ ማዕዘናም፣ በመሃሉ ነጭ መስመር የሚሄድበት ፊደል ኖይላንድ ይባላል። የሠራው ሩዶልፍ ኮህ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ በ1923፣ ኦፈንባኽ ከተማ፣ ክሊንግስፖር በሚባለው የፊደል ማቅለጫ። ኮህ ወረቀት ላይ ሳይነድፍ በቀጥታ ብረቱን እየሞረደ ነው ያወጣው፤ ስለዚህ የትልቁ መጠን ፊደል ከትንሹ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም፣ የእጅ ሥራ ሽታ አለው። ስሙ «አዲስ መሬት» እንደማለት ነው። ትንሽ ፊደል የለውም፣ ሁሉም ትልቅ ነው፤ በዚህ በዚህ የእኛን ፊደል ይመስላል።

አውሮፓዊ ሠርቶት፣ ለአውሮፓዊ ጽሑፍ ታስቦ፣ ባሕር ሲሻገር ምን ሆነ? አሜሪካ ውስጥ «ጫካ» ለማለት፣ «ሳፋሪ» ለማለት፣ «አፍሪካ» ለማለት የሚነሳ ፊደል ሆነ። ስለ ጥቁር ሕዝብ የተጻፈ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ታገኙታላችሁ፣ የአራዊት ግቢ ታፔላ ላይ ታገኙታላችሁ። ይኼን ሳውቅ ተናድጃለሁ፣ አልደብቃችሁም። ከጥንት ጀምሮ የራሱ ፊደል ያለው አህጉር እዚህ ተቀምጦ፣ አፍሪካን ሊስል የተነሳ ሰው የኦፈንባኽን ብረት ይበደራል። በልጅነቴ ግን ደረቴ ላይ ተሸክሜው ስዞር አንድ ቀን እንኳ «ይኼ አፍሪካ ይመስላል» አላልኩም። የሩቅ አገር መስሎኝ ነበር።

ደምሩት እንግዲህ። የሞንታና አውሬ፣ የሌላ ዘመን ስም፣ በቆየ አቋቋም የቆመ አጽም፣ አፍሪካ ነኝ የሚል የጀርመን ፊደል፣ የኮስታ ሪካ ደሴት። አንድ ጠንቃቃ ሰው ይኼን አርማ ላርመው ቢል ምን ይቀራል? «ክሬታሺየስ መናፈሻ» ማን ትኬት ይቆርጥለታል?

ዋናው ነገር ግን አራሚው የሚያርመው የኪድን ስህተት አይደለም፤ የሃሞንድን ነው። ሃሞንድ ማነው? ወጪ አልቆጠብኩም እያለ የሚፎክር፣ ሳይንሱን ለሌላ ሰው ትቶ ትርዒቱን የያዘ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስም ሲያወጣ ለጆሮ የሚጥመውን ነው የሚያወጣው፣ አውሬ ሲመርጥ የሚያስፈራውን፣ ፊደል ሲመርጥ «ጫካ ጫካ የሚሸተውን አምጡልኝ» ብሎ ነው። በዚያ ደሴት ላይ የተቀጠረ የማስታወቂያ ሠራተኛ ቢኖር ይኼንኑ ነው የሚያቀርብለት። ስህተቱ የዓለሙ ነዋሪዎች ስህተት ነው። ለዚህ ነው የሚታመነው። የልጅነቴ ዘበኛ ባልዲውን ይዞ በሐሳቤ የተመላለሰው ለዚህ ነው።

በኋላ የወጡትን አርማዎች ቶሎ ልለፋቸው። በ2001 በሦስተኛው ፊልም ላይ አውሬውን በስፒኖሶረስ ቀየሩት፤ መጀመሪያ ግብፅ ውስጥ የተገኘ፣ በ1915 ስም የወጣለት የአፍሪካ ልጅ ነው፣ ግን ሰው ልቡ አልተቀበለውም። በ2015 «ጁራሲክ ወርልድ» ሲመጣ አርማውን እንደ ብረት አብረቀረቁት፣ ሰማያዊ አደረጉት፣ ያው አጥንት ነው። በዚያ ፊልም ግን ሳየው ከመቀመጫዬ ብድግ ያልኩበት ነገር አለ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሠራተኛ የድሮውን መናፈሻ ቲሸርት ለብሶ መጣ። ኢቤይ ላይ በ150 ዶላር ነው የገዛሁት ይላል። አለቃው ሰው ያለቀበትን ቦታ ልብስ መልበስህ ነውር ነው ብላ ትገሥጸዋለች። በዚያ ዓለም ውስጥም ቲሸርቱ ልባሽ ሆኗል! እኔ በስምንት ብር፣ እሱ በ150 ዶላር። የኔን እናቴ የወለል መወልወያ አደረገችው።

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ደብተር ይዛ መጣች። ታሪክ ትጽፋለች። ውኃ የዋጣት ከተማ አለች፣ ሰው ከፎቅ ወደ ፎቅ በጀልባ ነው የሚሄደው፣ ጀልባዎቹ እንደ ታክሲ ማኅበር አላቸው። «ጋሼ፣ የማኅበሩን አርማ ይሥሩልኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ሦስት ቀን ፈጅቼ ሦስት አርማ ሠራሁ። ማዕበሉን ከመቅዘፊያው ጋር አዋህጄ፣ ነጭ ቦታው ጀልባ እንዲሆን አድርጌ፣ ማንም ድርጅት ቢያየው የሚከፍልበት ዓይነት።

አየችው። ደጋግማ አየችው። አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው» አለች፤ «ግን ይኼ እርስዎ የሳሉት ነው።»

ሳቄ መጣ። ስንት ዓመት ያወጋሁትን ወሬ ለራሴ ሳልነግረው ኖሬያለሁ። «እሺ፣ እዚያ ከተማ ውስጥ ማን ነው የሳለው?» አልኳት።

ይኼን አላሰበችበትም። ደብተሯን ከፍታ ዘጋች። ቆይታ፣ «የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወንድም ነው» አለች፤ «ውኃው ሳይመጣ በፊት የመኪና ታርጋ ይጽፍ ነበር። አሁን አሮጌ የመኪና ቀለም ነው ያለው፣ ሁለት ዓይነት ብቻ። ቀኝ እጁን ስትሮክ መቶታል።»

«ጀልባ መሳል ይችላል?»

«ኧረ አይችልም። ታክሲ ነው የሚስለው።»

አዲስ ወረቀት ዘረጋሁ። ራፒዶውን ከጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩ፣ ቀጭ ቀጭ አለ፣ መልሼ ክዳኑን ከደንኩት። ከመሳቢያው ወፍራሙን ብሩሽ አወጣሁና በግራ እጄ ያዝኩ።